ለጌጥ ነው!

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። “የድሮ ዘመን” ተብሎ ካጌጠ ምግብ ቤት በቅርቡ ገብታችኋል? በሩ ላይ ፋኖስ፣ ጥግ ላይ የሲንጀር ልብስ ስፌት መኪና፣ ከፍ ብሎ ደግሞ ግራማፎን። ሁሉም አቧራው ተጠርጎ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶ ያበራል። አንዱም ግን አይሠራም። የስፌት መኪናዋን መዘውር ነካ ብታደርጉ አስተናጋጁ ሮጦ ይመጣል። “ጋሼ፣ እሱ ለጌጥ ነው!”

መቼም በሰው መፍረድ ይቀላል። እኔም ቤት እንዲህ ያለ ጌጥ ነበረ። አባቴ ትቶልኝ ያለፈው የዓሣ ማጥመጃ ክር መጠቅለያ፣ ዓሣ አጥማጆቹ “ሪል” የሚሉት፤ የፈረንሳይ ሥሪት፣ ሚቸል 300። ሊሄድ ሻንጣውን ሲሸክፍ ከነበረ ፈረንጅ አለቃው ነው ያገኘው። ዝዋይና ላንጋኖ ወስዶ ቆሮሶ ሲያወጣበት ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። እሱ ካረፈ በኋላ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። እንግዳ ሲመጣ “የአባዬ ነው” እላለሁ፤ እንግዳው “አቤት የድሮ ዕቃ!” ይላል፤ በቃ። እጀታው አልዞር ካለ ዓመታት አልፈዋል፣ ነገሬም አላልኩት።

ባለፈው ክረምት ልጄ ሊያዞረው ታገለና አቃተው። “አባዬ፣ የተበላሸ ነገር ነው እንዴ የምታሳየን?” አለኝ። ምን ይመለሳል?

ይዤው ወጣሁ። መጀመሪያ ያሳየሁት ጎረምሳ ሞባይል ጠጋኝ ገና ሳይነካው “መለዋወጫ የለውም፣ አዲስ ይግዙ” አለኝ። ሁለተኛው መዶሻ ሲያነሳ ነጥቄው ሄድኩ። በመጨረሻ ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ሽማግሌ ሰዓት አዳሽ ዘንድ ደረስኩ። ሱቃቸው ከቁም ሳጥን ብዙም አይሰፋም። ሪል ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ግን አልጣሉትም። ጆሯቸው ሥር አስጠግተው እጀታውን በቀስታ ገፋ፣ መለስ አደረጉና “አልተሰበረም፤ ደርቆ ነው” አሉኝ።

የጎን ክዳኑን በትንሽ ካቻቢቴ ፈቱ። ውስጡ ያለው ግራሶ ቢጫ ሰም ሆኗል። እያንዳንዱን ጥርስና ብሎን በወጣበት ቅደም ተከተል ጋዜጣ ላይ ደረደሩ። “የወጣበትን ያላወቀ የሚገባበትን አያውቅም” አሉ ለራሳቸው። ብረት ብረቱን ላምባ ውስጥ ዘፈዘፉና በጥርስ ብሩሽ ፈተጉ። ክሩን እየሰበሰበ ወደ መጠቅለያው የሚመራው የሽቦ ቀስት ሞላው ተሰብሮ ኖሯል። ከብረት ሽቦ በፒንሳ ጠምዝዘው ሌላ ሠሩለት። የመጀመሪያው ጠነከረ፤ ጣሉት። ሁለተኛው ልክ ሆነ። ጥርሶቹን በአዲስ ግራሶ ሳሳ አድርገው ቀቡ፤ ዘንጉ ላይ አንዲት ጠብታ ዘይት። ግራሶ ሲበዛ አቧራ ይሰበስባል፣ ተመልሶም ይደርቃል አሉኝ። እኔ የተላላጠው ቀለም እንዲታደስ ፈልጌ ነበር። “ይሄንን የላጠው የአባትህ እጅ አይደል? ምን አድርግ ትለኛለህ?” ብለው እንዳለ ተዉት።

“ይህን የሠራው ሰዓት ሠሪ መሆን አለበት” ሲሉ እንደ ቀልድ ነበር የሰማኋቸው። በኋላ ሳጣራ ለካ እውነታቸውን ነው! ሚቸልን የሠራው ካርፓኖ ኤ ፖንስ የተባለው ፋብሪካ ይገኝ የነበረው ክሉዝ በተባለች፣ በሰዓት ሥራ በታወቀች የፈረንሳይ ከተማ ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ1848 ጀምሮ የሰዓት ሥራ ትምህርት ቤት ነበራት። ሪሉ እ.ኤ.አ. በ1939 ግድም ብቅ አለና ከጦርነቱ በኋላ ዓለምን አዳረሰ። ሽማግሌው አንድም መጽሐፍ ሳይገልጡ ከጥርሱ አቆራረጥ አነበቡት።

ሥራው ሲያልቅ የጎረቤት ሸማኔ፣ ከጋሞ የመጡ ሰው፣ ሊያዩ ገቡ። ገና እንዳዩት “ቀሰም ነው!” አሉ። ቀጥለውም “የኛ ቀሰም መወርወሪያው ውስጥ እየዞረ ነው ክሩን የሚሰጠው። ይሄኛው ግን ራሱ ቆሞ ክሩ በአፉ በኩል እየሾለከ ይወጣል” ብለው አስረዱን። የሪሉ ምስጢር በሙሉ ይኸው ነው፤ መጠቅለያው ስለማይዞር ቀላል መንጠቆ እንኳ ሩቅ ይወረወራል። እ.ኤ.አ. በ1905 ለዚህ ዓይነቱ ሪል የፈጠራ መብት ያወጣው እንግሊዛዊው አልፍሬድ ኢሊንግዎርዝም የብራድፎርድ የጨርቃ ጨርቅ ባለ ፋብሪካ ነበር፤ ሐሳቡን ያገኘው ከፈትል ማሽን ነው ይባላል። እሱ ፋብሪካ ውስጥ ያየውን የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ሱቅ ደጃፍ ላይ በአንድ ደቂቃ አዩት።

አሁን ወደ እፍረቴ ልምጣ። ሽማግሌው 800 ብር አሉኝ። ግማሽ ቀን ጎንበስ ብለው ለሠሩበት! እኔ ምን አልኩ? “ምነው ጋሼ፣ ለአንዲት ሞላ?” 400 ሰጥቻቸው ወጣሁ። በዚያው ሳምንት፣ ፋኖስ በተሰቀለበት ምግብ ቤት፣ ለሁለት ሰው ክትፎ ከ800 በላይ ከፍዬ ጉርሻም ጨምሬያለሁ።

ይህ የኔ ብቻ አመል ቢሆን ዝም ባልኩ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ ያስነገሩት እኮ ወደው አልነበረም፤ ብረት የሚሠራውን፣ የሚሸምነውን ሰው በሙያው የሚሰድብ ይቀጣል ብለው ነው። ስድቡ አሁን በአደባባይ ቀንሷል እንበል። ቀጨኔ ያሉ ሸክላ ሠሪ እናቶች ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ የሰማ ግን መቀነሱን እንጂ መጥፋቱን አይናገርም። ዛሬ የምንሰድበው በምላሳችን ሳይሆን በኪሳችን ነው። ጀበናዋን “እንዴት ታምራለች” እያልን ሠሪዋን አሥር ብር ለማስቀነስ ፀሐይ ላይ እናቆማታለን። ቀሚሱን ለሠርግ እንደረድራለን፤ ሸማኔው ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ወገቡን ሲያመው ስንት እንደቀረለት ግን አንጠይቅም። ባለ ምግብ ቤቱም ያችን ሲንጀር ለማሠራት ለአንድ ጠጋኝ ከመክፈል ቫርኒሽ መቀባት ረከሰበት። የድሮ ዕቃ ወዳጅ ነን እንላለን፤ ዕቃውን በሕይወት የሚያቆየውን ሰው ግን ሂሳብ ስንከፍል ነው የምንረሳው።

በሳምንቱ የቀረውን 400 ብር ይዤ ተመለስኩ። ሽማግሌው ተቀብለው ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከተቱና ሪሉን አምጣው አሉኝ። መጠቅለያው ላይ የነበረውን የአባቴን ክር ሳብ ሲያደርጉት ጠጭ ብሎ ተበጠሰ።

“ናይለን ያረጃል። ይሄን ይዘህ ዝዋይ ብትወርድ ዓሣውም መንጠቆውም ይሄዳል። አዲስ ክር ግዛ።”

“ከየት ላግኝ ጋሼ?”

በመስኮቱ ወደ ሽሮ ሜዳ አዩ። እዚያ ማዶ ድሩም ማጉም ጥለቱም በየሱቁ ተሰቅሏል። “እዚህማ ክር ሞልቷል” አሉ እየሳቁ። “ለዓሣ የሚሆን ግን የለም።”