ባሌስትራና ማረሻ፤ ስለ ቀጥቃጭ ሥራ አመዛዘን

በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሁለት አዲስ ነገር አየች። አንደኛው፥ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ያመጣው የመጀመሪያው አውቶሞቢል ነው። ሁለተኛው፥ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብን የከለከሉበት ዐዋጅ ነው። በዚያን ጊዜ ሁለቱን ነገሮች የሚያገናኝ ምክንያት አልነበረም። ዛሬ ግን አንድ ቀጥቃጭ ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ ማረሻ ሲያወጣ የተመለከተ ሰው፥ ሁለቱ በአንድ ወናፍ ፊት መገናኘታቸውን ያስተውላል። ጥያቄው፥ ይህ ሥራ በምን ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል የሚለው ነው።

ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል። በአዲስ አበባ መርካቶ በምናለሽ ተራ፥ እንዲሁም በየገጠሩ ከተማ ዳር በሚገኙ የቀጥቃጭ ቤቶች፥ የተሰበረ ወይም የለዘበ ባሌስትራ ይገዛል፤ በከሰል እሳት ይግላል፤ ይቆረጣል፤ በመስፍ ላይ በመዶሻ እየተመታ ጫፉ ይሾላል። ከዚያም በወገል ተይዞ ከእርፍና ከድግር ጋር ይገጠማል። ማጭድ፥ ዶማና ምሳርም እንዲሁ ይሠራሉ። ነገር ግን ቀጥቃጩ ያገኘውን ብረት ሁሉ አያነሣም። ለቤት ሥራ ከሚውለው ፌሮ ይልቅ ባሌስትራውን የሚመርጠው በምክንያት ነው። ባሌስትራ በመቶው ውስጥ 0.6 ያህል ካርቦን ያለበት ብረት ሲሆን፥ ተራው ፌሮ በአብዛኛው ከዚህ ከግማሽ ያነሰ ነው። ስለዚህ ባሌስትራው ግሎ ሲነከር ይጠነክራል፤ ፌሮው ግን ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ከመጠን በላይ የጠነከረ ማረሻ ድንጋይ ሲያገኘው ይሰበራል፤ የለሰለሰውም ይታጠፋል። ቀጥቃጩ ይህን መካከለኛ ስፍራ የሚያገኘው በመሣሪያ ለክቶ ሳይሆን የጋለውን ብረት ቀለም በዐይኑ አይቶ ነው።

የስሙም ነገር ሊታሰብበት ይገባል። «ጎማ»፥ «ባሌስትራ»፥ «መኪና» የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። በጣሊያንኛ ባሌስትራ ማለት አስቀድሞ ቀስት መወርወሪያ የጦር መሣሪያ ነበረ፤ በኋላ ቅርጹን በመከተል ለመኪናው ብረት ተሰጠ። ይህ ብረት እሳት ውስጥ ሲገባ ስሙንም ይተዋል። ሲወጣ «የባሌስትራ ቁራጭ» ተብሎ አይጠራም፤ ማረሻ ይባላል እንጂ። ገበሬው ከሞፈርና ከቀንበር ጋር አንድ አድርጎ የሚቈጥረው የአገሩ ዕቃ ይሆናል።

በዚህ ሥራ ላይ ሁለት ዓይነት ፍርድ ሲሰጥ ይሰማል። የመጀመሪያው፥ እውነተኛው የቀጥቃጭ ጥበብ ማዕድን አቅልጦ ብረት ከሚያወጡት ጋር አልፏል፤ የአሁኑ የድኽነት ብልኀት ነው የሚል ነው። የአገር ብረት የማቅለጡ ሙያ በውጭ አገር ብረት ምክንያት በብዛት መቅረቱ እውነት ነው፤ ሊያሳዝንም ይገባል። ይሁን እንጂ ማቅለጥና መቀጥቀጥ ሁለት ሙያዎች ናቸው። የሸማኔ ሥራ ፈትሉ ከፋብሪካ በመምጣቱ ሽመና መሆኑ እንደማይቀር ሁሉ፥ የቀጥቃጩም ጥበብ ብረቱ ከመኪና በመምጣቱ አይቀርም። ከዚህም በላይ ይህ ፍርድ አደገኛ ነው፤ ዐዋጁ የከለከለውን ንቀት በሊቃውንት ቋንቋ መልሶ ያመጣዋልና። ቀድሞ «ቡዳ» ተብሎ የተፈራው ሰው አሁን «ውራጅ ለቃሚ» ቢባል፥ የተለወጠው ቃሉ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ፍርድ የማመስገን ነው። ምንም የሚጣል ነገር የለም፥ የሕዝቡ ብልኀት ድንቅ ነው ይባላል። ይህም ቢሆን ሥራውን አይመረምርም። ከአሮጌ ጎማ የሚሠራውን በረባሶ መመልከት ይበቃል። በጨርቅ ክር የተሠራው የቀድሞው ጎማ በቢላዋ በቀላሉ ይቈረጥ ነበር፤ በውስጡ የብረት ሽቦ ያለበት አዲሱ ጎማ ግን ለመቍረጥ ያስቸግራል፥ የሽቦው ጫፍም እግር ይወጋል። እንግዲህ ከመኪና የሚወጣ ዕቃ ሁሉ አይጠቅምም፤ መኪናው ሲለወጥ የባለ እጁ ዕድልም ይለወጣል። የባትሪ እርሳስ ሲቀልጥ የሚወጣው ጢስ፥ የሚቃጠል ጎማም ጢስ፥ ባለ እጁንና በአጠገቡ የሚጫወቱትን ልጆች ይጐዳል። ይህን ሳይናገሩ ማመስገን ውዳሴ እንጂ ሒስ አይደለም።

ትክክለኛው ሚዛን በሁለቱ መካከል ይገኛል፤ እርሱም ዕቃውን በአገልግሎቱና በውስጡ ባለው ዕውቀት መመርመር ነው። ማረሻው ስንት እርሻ ቻለ? ሲያልቅ እንደገና ተቀጥቅጦ ይረዝማልን? ከሌላው ብረት በምን ይበልጣል? እነዚህን ጥያቄዎች ገበሬው በየዓመቱ ይጠይቃል፤ በገንዘቡም ይመልሳል። ተመራማሪው ከገበሬው ያነሰ ጥያቄ ሊጠይቅ አይገባም።

ነገሩ በአንዲት ትንሽ ወረቀት ይፈተናል። አንድ ሙዚየም ይህን ማረሻ በመስታወት ውስጥ ቢያኖረው፥ ከበታቹ ምን ይጽፋል? «ማረሻ፤ ብረት፤ ሠሪው ያልታወቀ» ቢባል እውነቱ ሁሉ ይጠፋል። ብረቱ ከምን መኪና እንደ ወጣ፥ በማን እጅ እንደ ተቀጠቀጠ፥ ለምን ያ ብረት እንደ ተመረጠ፥ ስንት ጊዜ እንደ ተሳለ ሊጻፍ ይገባል። ከሁሉም በፊት ግን የሠሪው ስም ይጻፍ። ዐዋጁ ባለ እጁን ከስድብ ሊጠብቀው ሞከረ፤ ስሙን መመዝገብ ግን ለዐዋጅ ሳይሆን ለተመራማሪ የተተወ ሥራ ነው።