ከትንሿ መስኮት ኋላ

አስመራ የሚገኘውን ሲኒማ ኢምፔሮን ከመንገድ ማዶ ቆሞ ያየ ሰው አይኑ ወደ ላይ ይሳባል። ማሪዮ ሜሲና የነደፈው ይህ ሕንጻ በ1937 እ.ኤ.አ. ተሠራ። የስሙ ፊደላት ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል፤ ግራና ቀኝ ክብ መብራቶች በቁም ተሰልፈዋል። መብራቶቹ 45 ናቸው። ቤቱ ዛሬም አለ። የጠፋው፣ ከተመልካቹ ጀርባ ከፍ ብላ በተሠራች ጠባብ ክፍል ውስጥ ይከናወን የነበረው ፊልም የማሳየት ሙያ ነው። ፊልም በጥቅል መምጣቱ ሲቀር ሙያውም አብሮ ቀረ።

የዚያ ዘመን የማሽን ክፍል ግድግዳ ወፍራም፣ መስኮቶቹ ትንንሽ ነበሩ፤ የብረት መዝጊያም ነበራቸው። እስከ 1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ፊልም ከናይትሬት ይሠራ ነበርና አንዴ ከተያያዘ ውኃ አያጠፋውም።

የ35 ሚሊሜትር ፊልም በሁለቱም ጠርዙ ተበስቷል። ለአንድ ምስል በየጎኑ 4 ቀዳዳ ይደርሰዋል። በሴኮንድ 24 ምስሎች ይታያሉ። እያንዳንዱ ምስል ከብርሃኑ ፊት ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ካልቆመ ሸራው ላይ የሚታየው የተዘረጋ ጭረት ነው።

የሚያቆመውም የሚስበውም የማልታ መስቀል የሚባል ትንሽ ብረት ነው። አራት ስንጥቅ አለው። አጠገቡ ሳያቋርጥ የሚዞር ክብ ብረት አለ፤ ክቡ ላይ አንዲት ችንካር ቆማለች። ችንካሯ በዞረች ቁጥር አንዱ ስንጥቅ ውስጥ ገብታ መስቀሉን ሩብ ዙር ገፍታ ትወጣለች። ከመስቀሉ ጋር በአንድ ዘንግ የታሰረው መዘውር 16 ጥርስ አለው። ሩብ ዙር 4 ጥርስ ነው፤ 4 ጥርስ 4 ቀዳዳ፣ 4 ቀዳዳ አንድ ምስል። ከክቡ ብረት ዙር ሩቡ መሳቢያ፣ ሦስት ሩቡ ማረፊያ ይሆናል። በሚስብበት ጊዜ መጋረጃ ብርሃኑን ይሸፍናል። ምስሉ ባረፈበት ጊዜም አንድ ጊዜ ይሸፍነዋል፤ እንዲህ 24ቱ ምስል 48 ብልጭታ ይሆንና አይን መርገብገቡ አይታወቀውም።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ምስል መቆም አለበት፤ ድምፅ ግን መቆም አይችልም። ድምፁ የሚነበበው ከምስሉ መቆሚያ በታች ነው፤ እዚያ ፊልሙ ሳይንገጫገጭ መፍሰስ ይኖርበታል። ሁለቱን የሚያስታርቀው ባለሙያው ፊልሙን ሲያስገባ በጣቱ የሚተወው ልል ቅስት ነው። አንዱ ከመቆሚያው በላይ፣ ሌላው ከታች። ድምፁ ከምስሉ 20 ምስል ያህል ቀድሞ፣ ማለትም በ38 ሳንቲሜትር ገደማ ርቀት ይታተማል። የታችኛው ቅስት ልክ ካልሆነ የተዋናዩ ከንፈርና ድምፁ ይለያያሉ። ከጠበበ ደግሞ ቀዳዳው ይቀደዳል። ከክፍሉ ሥራ ሁሉ እኔ የማስቀድመው ይህን ቅስት ነው። ብረቱን ፋብሪካ ሠርቶታል፤ ቅስቱን በየጥቅሉ እንደ አዲስ የሚሠራው እጅ ነው።

አንድ ጥቅል 20 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ስለዚህ ሁለት ማሽኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ። ባለሙያው በሁለተኛው ማሽን ውስጥ ያሉትን ሁለት የካርቦን ዘንጎች አነካክቶ ያለያያቸዋል፤ በመካከላቸው ነጭ ብርሃን ይነሳል። ዘንጎቹ እየነደዱ ስለሚያጥሩ ርቀታቸው መጠበቅ አለበት። ከዚያ ሸራውን ያያል። በቀኝ በኩል፣ ከላይ ማዕዘኑ ላይ ነጥብ ብልጭ ትላለች፤ ዕድሜዋ 4 ምስል ነው። ሞተሩን ያስነሳል። 7 ሴኮንድ ያህል ቆይታ ሁለተኛዋ ነጥብ ትመጣለች። የአንዱን ብርሃን ዘግቶ የሌላውን ይከፍታል። ተዋናይዋ በር ስትከፍት የመጀመሪያው ጥቅል ቢያልቅ፣ በሩን የምታልፈው በሁለተኛው ነው። አዳራሹ ምንም አያውቅም።

በአስመራ ይሁን በጎንደር ወይም በድሬዳዋ፣ በሠፈርዎ እንዲህ ያለ ማሽን ያንቀሳቅሱ የነበሩ አባት ካሉ ሄደው ይጠይቋቸው። የታችኛው ቅስት ስንት ጣት ይሰፋ እንደነበር በእጃቸው ያሳዩዎት፤ ሲያሳዩም ይቅረጿቸው።