የተረሳው እርግጫ

ስለ ኪክ ቦክስ ታላላቅ ግጥሚያዎች የሚጽፉትም ሆኑ በየሻይ ቤቱ የሚያወጉት ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። ታሪኩን ከመጨረሻው ይጀምሩታል። ማን ማንን በዝረራ ጣለ፣ በስንተኛው ዙር፣ በየትኛው ቡጢ፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ያበቃል። ይህ አንድን ልቦለድ በመጨረሻው ገጽ ብቻ እንደ ማወቅ ነው። እኔ እንደማየው የዚህ ስፖርት ታላቅነት ያለው በዝረራው ሳይሆን ለዝረራው አስቀድሞ በተከፈለው ቀብድ ላይ ነው። ያም ቀብድ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው በጭን ነው።

ለዚህ አባባሌ ከሁሉ የሚበልጥ ምስክር የምጠራው በኖቬምበር 1988 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ላስ ቬጋስ ላይ የተደረገውን ግጥሚያ ነው። ከዚያ በፊት ግን ስለ ሕጉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አሜሪካኖች በ1970ዎቹ ከካራቴ ያወጡት ኪክ ቦክስ ከወገብ በታች መርገጥን ይከለክል ነበር። ተጋጣሚዎቹ ነገሩን ወደ ተራ ቦክስ እንዳይለውጡት ሲባልም በየዙሩ ቢያንስ ስምንት ጊዜ ከወገብ በላይ እንዲረግጡ ይገደዱ ነበር። እርግጫ እንደ ቤት ሥራ ሲቆጠር ይታያችሁ! ቢል ዋላስ በዚህ ሕግ ውስጥ በግራ እግሩ ብቻ ስሙን አስጠርቶ በ1980 ሳይሸነፍ ተሰናብቷል። ውበቱን አልክድም። ሆኖም በዚያ ሕግ ያደጉ ሰዎች እግር እንደሚረግጥ እንጂ እንደሚረገጥ አልተማሩም።

የዚያ ትምህርት ቤት ምርጥ ልጅ ሪክ ሩፈስ ነበር። ፊት ለፊቱ የቆመው ቻንግፑክ ኪያትሶንግሪት ደግሞ የታይላንድ ሰው ነው። በስምምነታቸው መሠረት ክርንና ጉልበት ተከለከሉ፤ ጭንን መርገጥ ተፈቀደ። ለታይላንዱ ይህ ከመሣሪያው ግማሹን በር ላይ አስረክቦ መግባት ነው። በመጀመሪያው ዙር ሩፈስ ሁለት ጊዜ ዘረጋው፤ መንጋጋውንም ሰበረው። ካሴቱን እዚህ ላይ ያቆመ ተመልካች ማን አሸነፈ ቢባል አይጠራጠርም። ቻንግፑክ ግን እየተነሳ ጭኑን ይረግጣል። ተመልሶ ያንኑ ቦታ ይረግጣል። ሩፈስ ቡጢ ለመሰንዘር ክብደቱን ወደፊት ባስቀደመው እግሩ ላይ በጣለ ቁጥር ያ እግር መሬት ላይ ተቸንክሮ ይቀራል፤ ለመከላከል በቅልጥሙ መመከት ነበረበት፣ ቅልጥሙን ለማንሳት ደግሞ ከዚያ እግር ላይ ክብደቱን ማንሳት ነበረበት። ይህን ማንም አላስተማረውም። ካሴቱን አብሮኝ ያየ አንድ ወዳጄ «ይሄ ግጥሚያ ነው ወይስ እንጨት ፈለጣ?» ብሎ ቀልዷል። አልተሳሳተም። ፈላጭም ያንኑ ስንጥቅ ካልደጋገመ ግንዱ አይወድቅም። በአራተኛው ዙር ሩፈስ መቆም ተስኖት ግጥሚያው ተቋረጠ፤ አሸናፊው መንጋጋው የተሰበረው ሰው ሆነ።

የታይላንድ ተጋጣሚ ከግጥሚያው በፊት በሙዚቃ ታጅቦ መድረኩን እየዞረ ዝግ ያለ ውዝዋዜ ያደርጋል። ከእኛ ፉከራ ጋር የሚያመሳስሉት አሉ። እኔ አይመስለኝም። ፎካሪ የገዛ ገድሉን ይቆጥራል፤ የታይላንዱ ውዝዋዜ ግን ለመምህሩ የሚቀርብ ምስጋና ነው። ከዚህ ከተነሳ ሰው ትዕግሥት መጠበቅ ይቻላል።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በኤፕሪል 30 ቀን 1993፣ ቻንግፑክን ቶኪዮ ላይ እናገኘዋለን። የካራቴው መምህር ካዙዮሺ ኢሺ ባዘጋጀው የመጀመሪያው የኬ-ዋን ውድድር ስምንት ሰዎች በአንድ ምሽት እየተጣጣሉ አንድ እስኪቀር ይጋጠማሉ። ቻንግፑክ ከሌሎቹ እጅግ ቀላሉ ነበር፤ ክሮኤሽያዊው ብራንኮ ቺካቲች በመጀመሪያው ዙር አሰናበተው። ጭንን እስኪፈልጡ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ቺካቲች ጊዜውን ነሳው። በፍጻሜውም ሆላንዳዊውን ኧርነስቶ ሆስትን በመጀመሪያው ዙር ዘረረው። ቺካቲች ያኔ 38 ዓመቱ ነበር፤ በ2020 ዐርፏል። ቡጢውን አደንቃለሁ። ይሁንና ሆስት ከዚያ ቀደም ብሎ ከፒተር አርትስ ጋር ሙሉ ግጥሚያ አድርጎ በነጥብ አሸንፎ እንደመጣ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የአንድ ምሽት ውድድር ጥሩ ድራማ ነው፤ ዳኝነቱ ግን ይጎድለዋል።

እውነተኛ ቅሬታዬም ስለዚሁ ስለ ሆስት ነው። የኬ-ዋን ዘመን ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያለቅሰው ለስዊሱ አንዲ ሁግ ነው። ይገባዋል። በ1996 ፍጻሜ ላይ በ1995 ረትቶት የነበረውን ደቡብ አፍሪካዊውን ማይክ በርናርዶን ዞሮ በተረከዙ ጭኑን መትቶ የጣለበት እርግጫ ካየኋቸው ሁሉ ውብ ነው። በኦገስት 2000 በ35 ዓመቱ በሉኪሚያ መሞቱም ትዝታውን አከበደው። ራሞን ዴከርስም እንዲሁ፤ ከታይላንዱ ኮባን ጋር አራት ጊዜ ተጋጥመው ሁለት ሁለት የተካፈሉት ሆላንዳዊ በ2013 በ43 ዓመቱ ሲሞት ስሙ ታደሰ። በአጭር የተቀጨን ሰው እንደ ጀግና ማሰብ ይቀለናል። ሆስት ግን በሕይወት አለ፤ አይፎክርም፤ አራት ጊዜ (በ1997፣ በ1999፣ በ2000 እና በ2002) አሸንፏል። ቡጢዎቹ የተመልካችንም የባላጋራንም ዓይን ወደ ላይ ይጠራሉ፤ ሥራው የሚሠራው ከታች ነው። ግራ መንጠቆ ቡጢ፣ ወዲያው ቀኝ እርግጫ ጭን ላይ፤ ይኸው ነው። ደጋግሞ ሲያየው የሚሰለች አለ። እኔ በየዙሩ ባላጋራው አንዲት ስንዝር ሲያጥር ይታየኛል።

በዲሴምበር 2002 ቶኪዮ ላይ፣ በ37 ዓመቱ፣ ከ150 ኪሎ በላይ በሚመዝነው ቦብ ሳፕ ተሸንፎ ከውድድሩ ወጥቶ ነበር። ሳፕ እጁ ተጎድቶ መቀጠል ሲያቅተው በቦታው ተመለሰና ዋንጫውን ወሰደ። ስለዚያ ምሽት ሲወራ የሚነሱት የሳፕ ግዝፈትና የሆስት ዕድል ናቸው። በፍጻሜው የገጠመው ፈረንሳዊው ጄሮም ለ ባነር ግን እርግጫዎቹን በክንዱ ሲመክት፣ ሲመክት፣ በሦስተኛው ዙር ክንዱ ተሰብሮ ነው የወደቀው። ዕድል ወደ ፍጻሜው አስገብቶት ይሆናል፤ ክንዱን የሰበረው ግን ራሱ ሆስት ነው፤ ካሴቱን ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ የሚያይ ሰው የለ ባነር እጅ ከአንዱ እርግጫ ወደ ሌላው ቀስ በቀስ ዝቅ ሲል ይመለከታል።