ለ40 ዓመት ኮምፒዩተር ዩኤስቢ መግጠም፦ ማደስ ነው ወይስ ማበላሸት?

አማካሪዬ ቢሮ ውስጥ ያለችው አታሪ 800ኤክስኤል ጀርባዋ ላይ አንድ ቀዳዳ አላት። የበሳሁት እኔ ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣች፣ 64 ኪሎባይት ሜሞሪ ያላት የቤት ኮምፒዩተር ናት። አማካሪዬ በልጅነታቸው ፕሮግራም መጻፍ የተማሩት በእሷ ነው። «ዲስክ ድራይቯ ተበላሽቷል፤ ዩኤስቢ ልትገጥምላት ትችላለህ?» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ፕላስቲኩን በድሪል በስቼ፣ በሞረድ አስተካክዬ፣ የሚያምር የዩኤስቢ ሶኬት ገጠምኩላት። እሳቸው አገላብጠው አዩዋትና «የነበራት በር ምን ጎደለው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ዛሬ ለአሮጌ ኮምፒዩተሮች ዩኤስቢ የሚጨምሩ ዕቃዎች በየዓይነቱ አሉ፤ ሁሉም «አዲስ ሕይወት ይሰጣል» ተብለው ይሞገሳሉ። እኔ ግን ሁሉም እኩል አይመሰገኑም ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ እስኪ በቁጥር እንየው።

ቢቱ አይጠብቅም

የአታሪዋ ፕሮሰሰር ከ6502 ቤተሰብ ነው። በሰከንድ 1.79 ሚሊዮን ጊዜ ገደማ ይመታል። አጭር የሚባለው ትእዛዝ እንኳ 2 ምት ይፈጅበታል፤ ያ ማለት 1.1 ማይክሮሰከንድ ያህል ነው። ኪቦርድና ማውስ የሚጠቀሙበት ቀርፋፋው ዩኤስቢ ደግሞ በሰከንድ 1.5 ሚሊዮን ቢት ያስተላልፋል። አንዱ ቢት የሚቆየው 0.67 ማይክሮሰከንድ ብቻ ነው። አያችሁ? ፕሮሰሰሩ አንዲት አጭር ትእዛዝ ሳይጨርስ ቢቱ አልፎ ሌላው ጀምሯል።

ስለዚህ «ዩኤስቢ ጨመርኩላት» ሲባል እሷ ራሷ ዩኤስቢ ቻለች ማለት አይደለም። መሀል ላይ አስተርጓሚ አስቀመጥን ማለት ነው። መመዘን ያለበትም አስተርጓሚው ነው፦ የሚያስተረጉም ነው ወይስ በባለቤቷ ቦታ ሆኖ የሚናገር?

የዩኤስቢ የቀድሞ ዘመድ

አማካሪዬ «በር» ያሉት ኤስአይኦ የሚባለውን ባለ 13 ፒን ሶኬት ነው። በ1979 ከወጡት ከአታሪ 400 እና 800 ጀምሮ ነበረ። ያኔ የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኙ ዕቃዎች የሬዲዮ ሞገድ እንዳይረብሹ ጥብቅ ሕግ ነበረው። እንደ አፕል 2 ክዳን ከፍቶ ካርድ መሰካት ከዚህ ሕግ ጋር አስቸጋሪ ስለነበር፣ የአታሪ መሐንዲሶች ተጨማሪ ዕቃዎችን ከውጭ በኬብል ማገናኘትን መረጡ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ድራይቭና ፕሪንተር በአንድ መስመር ይቀጣጠላሉ። ኮምፒዩተሯ 5 ባይት ትልካለች፦ የተጠሪው መለያ ቁጥር፣ ትእዛዙ፣ ሁለት የዝርዝር ባይቶች፣ በመጨረሻ የስሕተት መፈተሻ። የተጠራው ብቻ ይመልሳል፤ ሳይጠራ የሚናገር የለም።

ዩኤስቢም የሚሠራው በዚህ ሐሳብ ነው፤ ማውሳችሁ ላፕቶፑ ሳይጠይቀው ምንም አይልክም። መመሳሰሉ እንዲያው የመጣ አይደለም። በአታሪ ከሠሩት መሐንዲሶች አንዱ ጆ ዲኩር በኋላ በዩኤስቢ ሥራ ተሳትፏል፤ የኤስአይኦ ልምዱም ለዩኤስቢ መሠረት እንደሆነ ተናግሯል። የመጀመሪያው ዩኤስቢ የወጣው በ1996 ነው። እኔ ታዲያ የቀድሞው ዘመድ እያለ ነበር አጠገቡ ቀዳዳ የበሳሁት።

ሦስቱን እንመዝን

አንደኛው ከኤስአይኦ ወደ ዩኤስቢ የሚሄድ ኬብል ነው። መሀሉ ላይ አንዲት ትንሽ ቺፕ አለች። በሌላው ጫፍ ያለው ላፕቶፕ በፕሮግራም አማካይነት ዲስክ ድራይቭ መስሎ ይቀርባል። አታሪዋ «ድራይቭ 1፣ ይህን ሴክተር ስጠኝ» ትላለች፤ 128 ባይት ይሰጣታል። ከ1979 ጀምሮ የምታውቀው ቋንቋ ስለሆነ ምንም የተለወጠ ነገር አይታያትም። እርግጥ ነው፣ በተለመደው ፍጥነት፣ በሰከንድ 19,200 ቢት ማለት ነው፣ 720 ሴክተር ያለው ሙሉ ዲስክ ቢያንስ 48 ሰከንድ ይወስዳል። ላፕቶፑም አጠገቧ መብራት አለበት። ግን ኬብሉን ስትነቅሉት እንደነበረች ናት። ከሦስቱ የምመርጠው ይህን ነው። የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ? የእኔ ሶኬትም ውስጥ ለውስጥ የተገናኘው ከእነዚሁ የኤስአይኦ ሽቦዎች ጋር ነበር። ቀዳዳው የጨመረው ነገር የለም።

ሁለተኛው የዩኤስቢ ጌምፓድን ከጆይስቲክ ሶኬት ጋር የሚያገናኘው ነው። ሥራውን የሚሠራው ብዙ ጊዜ እንደ አርፒ2040 ያለ ማይክሮኮንትሮለር ነው፤ ሁለት ኮር፣ 133 ሜጋኸርዝ፣ 264 ኪሎባይት ሜሞሪ። ልብ በሉ፣ አስተርጓሚው ከባለቤቷ አራት እጥፍ ሜሞሪ አለው! ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። ችግሩ ጊዜ ላይ ነው። የድሮው ጆይስቲክ አምስት ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ነው፤ ስትጫኑት ወዲያው ይነበባል። ቀርፋፋ የዩኤስቢ ዕቃ ግን ቢፈጥን በየ10 ሚሊሰከንዱ ነው የሚጠየቀው። የቴሌቪዥኑ አንድ ምስል የሚቆየው 16.7 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሆነ፣ ዝላያችሁ አንዳንዴ አንድ ምስል ዘግይቶ ይደርሳል። በፈጣን ጨዋታ ላይ ይህ ይታወቃል፤ ሻጮቹ ግን ብዙም አያነሱትም።

እዚህ ላይ አንድ ምክር፦ አታሪዋ የምትሠራው በ5 ቮልት ነው፣ ማይክሮኮንትሮለሩ በ3.3። እኔ በቀጥታ አገናኝቼ ቦርዱን አቃጥያለሁ። ርካሹ ዕቃ መቃጠሉ ዕድሌ ነው። አታሪ እነዚህን ኮምፒዩተሮች ከተዋቸው ከ30 ዓመት በላይ ሆኗል፤ የእሷ ቺፕ ቢሆን ኖሮ ምን ብዬ አማካሪዬ ፊት እቆም ነበር?

ሦስተኛው ማዘርቦርዱን እንዳለ አውጥቶ አዲስ መተካት ነው። በ1982 ለወጣው ለኮሞዶር 64 የተሠራው አልቲሜት 64 ጥሩ ምሳሌ ነው። ኤፍፒጂኤ በሚባል፣ እንደፈለጉት በሚዋቀር ቺፕ የአሮጌውን ማሽን አሠራር ደግሞ ይሠራል። ዩኤስቢው ከቦርዱ ጋር አብሮ ይመጣል፤ አሮጌው ሳጥን ውስጥም ልክ ይገባል። ምህንድስናው ግሩም ነው፣ አደንቀዋለሁ። ቅሬታዬ «ኮሞዶሬን አደስኩት» የሚለው አነጋገር ላይ ነው። የድሮው ቦርድ ሞቶ ከሆነ ቦርዱ ሳጥኑንና ኪቦርዱን ከመጣል ያድናል፤ እሰየው። በሕይወት ያለውን አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ መጣል ግን ማደስ አይባልም። አዲስ ኮምፒዩተር ገዝቶ የድሮ ልብስ ማልበስ ነው።

ድሪሉን ከማንሳታችሁ በፊት

ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ? እናንተም አንድ ቀን አሮጌ ኮምፒዩተር፣ ሬዲዮ ወይም ካሜራ እጃችሁ ይገባ ይሆናል። በቅድሚያ የነበራትን በር ፈልጉ። ከዚያ ሥራውን ማን እንደሚሠራው ጠይቁ፦ ማሽኗ ወይስ የጨመራችሁት ዕቃ? በመጨረሻም ነገ ብትነቅሉት እንደነበረች ትመለሳለች ወይ በሉ። ሦስተኛውን ጥያቄ «አዎ» ብላችሁ መመለስ ካልቻላችሁ፣ ቆም በሉ።

የአማካሪዬ አታሪ ዛሬ የምትሠራው በኬብሉ ነው። የበሳሁት ሶኬት ተነቅሏል። ቀዳዳውን ልድፈነው ብዬ ነበር፤ «ተወው፣ ለሚቀጥለው ተማሪ አሳየዋለሁ» አሉኝ።