ሞቷል ወይስ ተርቧል?

መቼም በየቤታችን አንድ መሳቢያ አለ። የምን እንደሆነ የማይታወቅ ቁልፍ፣ የቆመ ሰዓት፣ ሦስት የተበጠሰ ቻርጀር፣ ከሥር ደግሞ “አንድ ቀን አሠራዋለሁ” የተባለ ሞባይል ወይም ታብሌት። “አንድ ቀን” የሚባለው ቀን ግን ካሌንደር ላይ የለም።

እኛ ቤት የተኛው የእናቴ ታብሌት ነው። ከውጭ የላኩላት፣ የልጅ ልጆቿን በኢሞ የምታይበት። እሷ ካረፈች በኋላ ማንም አልነካውም፤ አራት ዓመት ተኛ። በቀደም አወጣነው፤ ቻርጀር ሰካን፤ ጭጭ። ዕቃው አይደለም ያስጨነቀን። ቡና እያፈላች ስታወራ የተቀረጸችው እዚያ ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ የለም።

መጀመሪያ የወሰድኩት ሰፈራችን ያለ ሞባይል ጥገና ቤት ነው። ልጁ ሳይከፍተው አንዴ ቁልፉን ጫን አደረገና “ቦርዱ ሞቷል፤ ለስፔር ከሆነ ልግዛዎት” አለኝ። ኧረ ሐኪም እንኳ “ሞቷል” ለማለት ደም ሥር ይዳስሳል!

ዕድሜ ለመርካቶ፣ አንዋር መስጊድ ሰፈር ዘለቅሁ። ሳላስበው ዓርብ ኖሮ መንገዱ በሰጋጅ ሞልቷል፤ ጥግ ይዤ ጠበቅሁ። ሶላቱ አልቆ ሸቀጡም ተሸካሚውም ወደየቦታው ሲመለስ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ሱቅ ውስጥ አንድ ወጣት አገኘሁ።

“ፋዘር፣ ስንት ጊዜ አስተኙት?”

“አራት ዓመት።”

“እንግዲህ ላይሞት ይችላል። ተርቦ ነው።”

በመርፌ የቻርጀሩን ቀዳዳ ጠረገ፤ የወጣው ብናኝ ትራስ ባይሞላም ለመነሻ ይሆናል። ቻርጅ ላይ ሰክቶ ግማሽ ሰዓት ተወው። ማብሪያውን ሠላሳ ሰከንድ ያህል ተጭኖ ቆየ። ምንም። ከዚያ ጀርባውን ከፈተ፤ ባትሪው እንደ ድፎ ሊጥ ኩፍ ብሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊቲየም ባትሪ ሥራ ፈትቶ ቢቀመጥም ቀስ እያለ ይደክማል። ከመጠን በታች ሲወርድ ውስጡ ያለው መከላከያ በሩን ይዘጋል፤ እኛም “ሞተ” እንላለን። አንዳንዱ በትዕግሥት ቻርጅ ላይ ሲቆይ ይነሣል። ያበጠው ግን አይነሣም፤ አውጥቶ መለወጥ ነው፤ መብሳት የለ፣ መጫን የለ፣ እሳት ማስጠጋት የለ። ሳይሠራ የሚቀመጥ ዕቃ ግማሽ ያህል ተሞልቶ፣ ሙቀት በሌለበት ተቀምጦ፣ በየጥቂት ወሩ መታየት ነበረበት። እኛ ሙክክ እስኪል ተጠቅመንበት መሳቢያ እንወረውረዋለን።

እኛ ብቻ ብንሆን ጥሩ ነበር። ለአራተኛው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ አገሪቱ 180 ሺህ ገደማ ታብሌት ገዝታ ነበር። በ2010 ይካሄዳል የተባለው ቆጠራ ለ2011 ተላለፈ፤ በሰኔ 2011 ደግሞ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው እንደገና አራዘሙት። ለማራዘሙ ምክንያት ነበረው፤ አልከራከርም። ባትሪ ግን የምክር ቤት ውሳኔ አይሰማም። ይቆጥራል የተባለ ዕቃ ዕድሜው ሲቆጠር፣ “በየስንት ወሩ ቻርጅ ይደረግ?” የሚለው ጥያቄ የግዢው ሰነድ ላይ ስንተኛ ገጽ ላይ ይሆን የተጻፈው?

የወንጪና የወለንጪቲን ታሪክ ታስታውሱ ይሆናል። በ2012 እ.ኤ.አ. “አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ” የሚባለው ድርጅት ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት ታብሌት በታሸገ ካርቶን አድርሶ፣ ያለ አስተማሪ ምን እንደሚያደርጉ ሊያይ ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንዳወሩት፣ አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። ዓለም አጨበጨበ። ደስ ይላል። ያ ታብሌት አልበራ ያለ ቀን ልጁ ወዴት ይሂድ የሚለውን ግን ማንም ሲያወራው አልሰማሁም። ማብራት ዜና ነው፤ መጠገን ዜና አይደለም።

ያበጠውን ባትሪ እያየሁ “ይሄን የት ትጥለዋለህ?” አልኩት። ሳቀ።

“ብረት ብረቱን ቆራሌው ይወስደዋል። ይሄን ግን አይፈልገውም።”

“ታዲያ?”

“ገንዳ ነዋ፣ ፋዘር።”

በልጁ አልፈርድም። ከዚያው ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚባል ቦታ ያለው ሕዝብ ነው፤ በርሜሉን ምድጃ፣ ጎማውን በረባሶ የሚያደርግ። የሚረባ ነገር ቢያገኝለት ባትሪውንም አይጥለውም ነበር። ወረቀቱማ አለን፤ በ2010 የወጣው የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ደንብ ቁጥር 425። አቃቂ ቃሊቲም መፈታቻ ማዕከል ተቋቁሞ ነበር። ከአንዋር እስከ ቃሊቲ ግን አንድ ባትሪ ይዞ ታክሲ የሚሳፈር ማን ነው? እኔ በመጣሁበት መንገድ ሁሉ አንድ መቀበያ ሣጥን አላየሁም። ገንዳው ደግሞ መጨረሻው የት እንደሆነ እናውቃለን። መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀብሯል። በሌላውም ዓለም ቢሆን ብዙ አይሻልም፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ከተጣለው 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በወጉ መሰብሰቡ የተመዘገበው ሩብ እንኳ አይሞላም።

ወጣቱ ከሌላ ታብሌት የወጣ ባትሪ ገጠመለት። ትንሽ ዝም አለና ብልጭ አለ! ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ “አልሐምዱሊላህ” አለ፤ እኔም “እሰይ” አልኩ። ወዲያው ግን ዘጠኝ ነጥብ መጣ። መክፈቻውን በጣቷ ትስል የነበረችው እናቴ ናት፤ ለማንም አልነገረችም።

“ፍላሽ ላድርገው? አሥር ደቂቃ ነው።”

“ውስጡ ያለውስ?”

“እሱማ ይጠፋል።”

ከእጁ ቀማሁት ማለት ይቻላል። ሒሳቡን ከፈልኩ፤ ያበጠውን ባትሪም በጋዜጣ ጠቅልሎ እንዲሰጠኝ ለመንኩት፤ ምን እንደማደርገው ግን አላውቅም፤ አሁን በረንዳ ላይ ጣሳ ውስጥ ነው። ታብሌቱ ቤት ገብቷል፤ ይበራል። የእህቴ ልጅ “አያቴ ከላይ ወደ ታች ነበር የምትጀምረው” እያለች ማታ ማታ ትሞክራለች። አምስቴ ስትስት ሠላሳ ሰከንድ ጠብቂ ይላታል፤ ትጠብቃለች።