«ማንጸባረቅ» ወይስ «መጥጦ ማብራት»? ስለ አንድ የሳይንስ ግሥ አጠቃቀም

ስለ ብርሃን በአማርኛ ሲነገር «ማንጸባረቅ» የሚለው ግሥ ከሚገባው በላይ ሸክም ተጭኖበት ይገኛል። መስታወት የፀሐይን ብርሃን ሲመልስ ያንጸባርቃል መባሉ ትክክል ነው። ነገር ግን በአልትራቫዮሌት ጨረር ሥር የተያዘ የገንዘብ ኖት ምልክቱ ደምቆ ሲታይም «አንጸባረቀ» ከተባለ፣ ሁለት የተለያዩ ክንዋኔዎች በአንድ ስም ተጠሩ ማለት ነው። መስታወቱ የተቀበለውን ብርሃን ዓይነቱን ሳይለውጥ ይመልሳል። የኖቱ ቀለም ግን ለዓይን የማይታየውን ጨረር መጥጦ፣ የሞገድ ርዝመቱ የበለጠ ሌላ ብርሃን ያመነጫል፤ ቀሪው ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል።

ስሕተቱ የአማርኛ ብቻ አይደለም። ጆርጅ ገብርኤል ስቶክስ በ1852 እ.ኤ.አ. የኪኒን ሙሙት ከሐምራዊው ብርሃን ባሻገር ባለው ጨረር ውስጥ ሰማያዊ ሆኖ ሲበራ ባጠና ጊዜ፣ በመጀመሪያ የተጠቀመበት ስያሜ ከማንጸባረቅ ጋር የተያያዘ ነበር። ስያሜውን ግን ራሱ ስላልወደደው፣ ፍሎርስፓር ከተባለው ማዕድን ስም «ፍሎረሰንስ» የሚለውን ቃል አወጣ። ከመቶ ስልሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ እርሱ የተወውን ስያሜ በመማሪያ ክፍል መልሶ ማንሣት የሚያስመሰግን አይሆንም።

የጉዳዩ ክብደት በቅጠል ምሳሌ ይታያል። የጎመን ቅጠል አረንጓዴ መስሎ የሚታየው አረንጓዴውን ብርሃን ስለሚመልስ ነው። ይኸው ቅጠል ተወቅጦ በአልኮል ተዘፍዝፎ ሲጠለልና በጨለማ ክፍል ብርቱ ሰማያዊ ብርሃን ሲበራበት፣ ፈሳሹ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ክሎሮፊል የመጠጠውን ጉልበት በቀይ ብርሃን መልክ ያወጣልና። ሁለቱም «ያንጸባርቃል» ከተባሉ ተማሪው ቀዩ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅበት ቃል ያጣል፤ መምህሩም በፈተና ወረቀት ላይ የገባውንና ያልገባውን መለየት ይሳነዋል።

«ፍሎረስ ያደርጋል» ማለት ከስሕተት ያድናል፤ ሆኖም ለጀማሪ ተማሪ ምንም አይገልጽለትም። «ያበራል» ብቻውን ሲቀር ነገሩን ከሻማ ጋር ያመሳስለዋል። «መጥጦ ይለቅቃል» ይሻላል፤ ጉድለቱ የገባው ያው ተመልሶ የወጣ ማስመሰሉ ነው። አማርኛ ድርጊትን በድርጊት ላይ አስከትሎ መናገር ስለሚያውቅበት፣ «ጨረር መጥጦ ያበራል» ቢባል ቅደም ተከተሉም ልዩነቱም ይጠበቃል። በተለምዶ «ፍሎረሰንት» የሚባለው መብራትም በዚሁ አነጋገር ይብራራል፤ በቱቦው ውስጥ ያለው የሜርኩሪ ተን አልትራቫዮሌት ያመነጫል፣ የውስጥ ግድግዳው ቅብ ያንን መጥጦ ያበራል።

አንድ ማሻሻያ ግን ያስፈልጋል። መብራት ከጠፋ በኋላ የሚታየው የአንዳንድ ሰዓት ገጽም መጥጦ የሚያበራ ነው፤ እርሱ ፎስፎረሰንስ ይባላል። ስለዚህ ለፍሎረሰንስ «ወዲያው»፣ ለፎስፎረሰንስ «ቆይቶ» የሚለው ቃል ከግሡ ጋር መጨመር ይኖርበታል።