ስለ ዋውትላ እንጉዳይ የተጻፉ ሁለት ጽሑፎች

ጎርደን ዋሰን የተባሉ የኒው ዮርክ የባንክ ሹም በ1955 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ ሜክሲኮ ሄደው፣ ዋውትላ ዴ ኺሜኔስ በምትባል የዋሃካ ተራራማ ከተማ፣ ማሪያ ሳቢና ከሚባሉ የማሳቴክ ሕዝብ አዋቂ እጅ የተቀደሰውን እንጉዳይ ተቀብለው በሉ። ያዩትንም በ1957 «ላይፍ» በተባለው መጽሔት አሳተሙ። ከሃያ ዓመት በኋላ በ1977 የዚያው ሕዝብ ተወላጅ አልቫሮ ኤስትራዳ የሴትዮዋን ታሪክ ከራሳቸው አንደበት ሰምቶ በስፓኝ ቋንቋ አወጣ። ዛሬ እነዚህን አእምሮን የሚለውጡ ዕፅዋት ከወንጀልነት ለማውጣት የሚከራከሩ ሰዎች የዋውትላን ስም ደጋግመው ስለሚጠሩ፣ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ማንበብ ይገባል።

«አዋቂ» የሚለውን ቃል ያለ ማመንታት የተጠቀምኩት፣ ማሳቴኮች ለእንዲህ ያለው ሰው የሚሰጡት ስም «የሚያውቅ» ማለት ስለ ሆነ ነው። «ጠንቋይ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ገና ሳይመረምር ፈርዷል።

ሚስተር ዋሰን ጥሩ ተመልካች ናቸው። ጨለማውን፣ ዜማውን፣ እንጉዳዩ ጥንድ ጥንድ እየተደረገ መታደሉን በትጋት ጽፈዋል። የሴትዮዋንና የሕዝቡንም ስም ለውጠዋል፤ ነገር ግን ስም ሸሽጎ ፎቶግራፍ ማሳተም ምን ያህል መሸሸግ እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረደው። ከዚህ የሚብሰው ጉድለት ጸሐፊው በገዛ ራእያቸው ላይ ሲረዝሙ አዋቂዋ ስለ ምን እንደሚደክሙ ማሳጠራቸው ነው። አንባቢው እንጉዳዩ የሚያሳየውን እንጂ ሥርዓቱ የሚሠራውን አልተማረም። በሺህ የሚቆጠር ወጣትም ያንኑ ለማየት ወደ ተራራው ጐረፈ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ የሜክሲኮ ጦር ሊያግዳቸው ገባ።

በኤስትራዳ መጽሐፍ ማሪያ ሳቢና የሚናገሩት ሌላ ነው። ከባዕዳን መምጣት አስቀድሞ እግዚአብሔርን ለማግኘት ብቻ ብሎ እንጉዳይ የበላ ሰው እንዳልነበረ፣ የሚበላው ሕመምተኛ እንዲድን እንደ ነበረ፣ ከዚያ ወዲህም ኃይሉ እንደ ደከመ ይመሰክራሉ። ሚስተር ዋሰን ይህን ቃል አንብበው እንዳዘኑ አልሸሸጉም። ይሁን እንጂ ኤስትራዳም ከነቀፌታ አይድንም፤ የማሳቴኩ ቃል በስፓኝ ቋንቋ ተላብሶ ሲመጣ የጠያቂውን ድምፅ አንሰማምና፣ የቱ ምስክርነት የቱ መልስ እንደ ሆነ መለየት ያስቸግራል።

ለፍትሕ ያህል፣ ዋሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1974 ያወጡት ሥራ ከመጽሔቱ ጽሑፍ እጅግ የላቀ ነው። በ1958 የተቀረጸውን የአንድ ሌሊት ዝማሬ በማሳቴክ፣ በስፓኝና በእንግሊዝ ቋንቋ ከነዜማው አቅርበዋል። ሥርዓቱ የተደረገው ለአንድ የታመመ ወጣት ነበረ፤ የመጣውም መልስ ይሞታል የሚል ሆነ። ስለ «ኃላፊነት ያለበት አጠቃቀም» የሚጽፉ ሰዎች ይህን ሌሊት ቢያነቡ መልካም ነበር። በዚያ ቤት ኃላፊነት ማለት የመጠን ልክ ማወቅ ብቻ ሳይሆን፣ መርዶውን ለቤተ ሰቡ ፊት ለፊት ተናግሮ በማግስቱ በዚያው መንደር መኖር ነው።

በእኔ አስተያየት እንጉዳይ ስለ በላ ሰው ወህኒ ይውረድ የሚል ሕግ የሚደገፍ አይደለም። የ1971 የቪየና ስምምነት እንኳ እነዚህን ነገሮች በጥብቅ ሲከለክል፣ በጥቂት ሕዝቦች ሥርዓት ውስጥ ስለሚያገለግሉ የዱር ዕፅዋት መንግሥታት የተለየ አቋም እንዲያስመዘግቡ በር ትቷል፤ ሜክሲኮም ተጠቅማበታለች። በአሜሪካ የኦሪጎን ሕዝብ በ2020 በድምፁ የፈቀደው በፈቃድ የተቋቋመ ቤትና የሠለጠነ አጋዥ ነው፤ ዋጋው ግን የማሳቴክ ገበሬ የማይሞክረው ነው። የኮሎራዶ የ2022 ሕግ በበኩሉ ፔዮቴ የተባለውን ቁልቋል ከነፃነቱ ውጭ ትቶታል። የአገሬው ተወላጆች ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተክሉ እየመነመነ ነውና አትንኩብን ብለው ነበር። በዚህ ክርክር ባለቤቱ ተጠይቆ የተሰማበት አንድ ስፍራ ይህ ነው፤ ዋውትላን የጠየቀ ግን የለም።

ሆኖም ማሪያ ሳቢናን የጥንቱን ብቻ የሚጠብቁ አድርጎ መሣልም ስሕተት ነው። የስዊሱ ኬሚስት አልበርት ሆፍማን የእንጉዳዩን ኃይል ለይቶ በ1958 ካወጣ በኋላ፣ በ1962 ከዋሰን ጋር ዋውትላ ወጥቶ ክኒኑን ሰጣቸው። እንደ ሆፍማን አነጋገር ሴትዮዋ ሌሊቱን ሠርተውበት፣ የእንጉዳዩ መንፈስ በክኒኑም እንዳለ መሰከሩ፤ እንጉዳይ በማይበቅልባቸው ወራትም ሕመምተኛ ለመርዳት እንደሚችሉ ተናግረው የተረፈውን በምስጋና ተቀበሉ።